የድምፅ አውጫጭኝ

ፈረንጂቱ ጎንደር የመጣችው ሰው ማንን ለምን እንደሚመርጥ ልታጠና ነው። መጀመሪያ ስትነግረኝ ሣቅ አመለጠኝ። ሰው ለምን እንደሚጋባ ወይም ለምን እንደሚካሰስ ብትጠይቀኝ እሺ፤ ለምን እንደመረጠ ለማወቅ ባሕር ተሻግሮ መምጣት ግን የጤና አልመሰለኝም። እሷ አልተቀየመችኝም። ረጅም፣ ቀጭን፣ አፍንጫዋን ፀሐይ የላጣት ሴት ነበረች። ሰው ሲያወራ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች፤ እስኪጨርስ አትናገርም። እኔ ደግሞ ሰው እስኪጨርስ የመጠበቅ ፀባይ ጨርሶ ስላልፈጠረብኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ወደድኋት።

ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ጣልያን ከወጣ ወዲህ የተወለዱት ልጆች ጎጆ መውጣት የጀመሩበት ዘመን። እኔ ከተማው ውስጥ በሴቶች ተማሪ ቤት አስተምር ነበር። እንግሊዝኛዬ እንደ ነገሩም ቢሆን ይሄዳልና አስተርጓሚ ሁኚኝ አለችኝ።

«እኛ አገር ሰው የሚመርጠው ፓርቲ ነው» አለች። «አባቱ የመረጠውን ፓርቲ ልጁም ይመርጣል። እናንተ ግን ፓርቲ የላችሁም። ታዲያ መራጩ አንዱን ካንዱ በምን ይለያል?»

«በዝምድና፣ በጉርብትና፣ በኩርፊያ» አልኋት።

ሦስቱንም ጻፈቻቸው። የቀለድሁ መስሎኝ ነበር፤ ሳስበው ግን ቀልድም አልነበረም።

ልታጠና የመረጠችው ቦታ የኔው አገር ሆነ። ወገራ ነው፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ፤ ማኪናው አምባ ጊዮርጊስ ይቀርና የቀረው መንገድ በበቅሎ ነው። አንድ ደብርና ዙሪያውን የተበተኑ ቤቶች ናቸው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ገብስ ግን ይሰጣል። እኔ ከዚያ የወጣሁት በልጅነቴ ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ የምንላቸው፣ እዚያው ነበሩ። እሳቸውን ካየሁ ስለቆየሁ፣ ተማሪ ቤቱም ለገና ተዘግቶ ስለነበር፣ እሺ አልሁ።

አሁን የዚያን አገር ምርጫ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባም። ባለፈው ዓመት ለፓርላማ ሁለት ሰዎች ተወዳድረው ነበር። አንደኛው የአገሩ ባላባት ናቸው፤ ምልክታቸው በሬ ነው። ሁለተኛው ከጎንደር የመጣ ጠበቃ ነው፤ ምልክቱ ፋኖስ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ስም ማንበብ ስለማይችል የሚመርጠው በምልክቱ ነበር። በሬው አሸነፈ፤ የገረመውም ሰው የለም። ነገር ግን ከዚህ ደብር ፋኖስ የመረጠ አለ ተባለ። እዚያው ደብር የሚኖረው የባላባቱ ታናሽ ወንድም ይህን ሲሰማ ሠርግ ቤት ተቀምጦ «ማን እንደሆነች እናውቃታለን፤ ቆይ ብቻ» አለ።

የጠረጠራት አንዲት ባልቴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ የላትም። ያላት ከአባቷ የወረሰቻት የወንዝ ዳር መሬት ብቻ ናት፤ ገብሱም አተሩም የሚያምርባት አንድ ጥማድ። ይኸው የባላባቱ ወንድም መሬቷ የኔ ናት ብሎ ከሷት ነገሩ በወረዳው ፍርድ ቤት ተይዞ ነበር። ያ ፋኖሱ ጠበቃ አንድ ቀን ችሎት ፊት ለነፍሱ ብሎ ቆሞላታል። ስለዚህ ፋኖሱን እሷ ናት የመረጠች ብሎ የማይጠረጥር አልነበረም፤ ከአፏ የሰማ ግን የለም። ከአፏ እስካልወጣ ድረስ ደግሞ ሰው ሊመሰክርላት ይችላል። በተለይ ጭቃ ሹሙ። የመሬቱን ድንበር አጣርቶ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ዳኛውም የሚሰማው እሱን ነው። ባላባቱን የካደች መሆኗ በግልጽ ከታወቀ ግን ከባላባት ተጣልቶ ለባልቴት የሚመሰክር ጭቃ ሹም በየትኛውም አገር የለም። መሬቷ ሄደች ማለት ነው።

እንግዲህ እኔና ፈረንጂቱ በዚህ መሀል ነው ዘው ያልነው። ወሬውን ከአገር ከመጣ ሰው ሰምቼው ነበር፤ ከጥናቱ ጋር ግን አላያያዝሁትም።

ከወረዳው ለጭቃ ሹሙ ቃል ደርሶታል፤ ሕዝቡን ሰብስብ፣ እንግዳዋ የምትጠይቃቸውን ይመልሱ የሚል። ጭቃ ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም። ቀጭን፣ ሥጋት ያልተለየው፣ ከላይ ሲቆጡት ወደ ታች የሚቆጣ ሰው ነው። ሕዝብ ሰብስበህ አስጠይቅ ሲባል የሚያውቀው መሰብሰቢያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አውጫጭኝ። ከብት ሲሰረቅ ወይም ክምር ሲቃጠል አገሩ በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይወጣል። ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። እያንዳንዱ እየተጠራ ለብቻው ይጠየቃል፤ ያየ በጆሮ ሹክ ይላል፣ ያላየ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ይምላል። ሹክ የሚለውን ሰው ወፍ ይሉታል።

እኛ ስንደርስ ሕዝቡ በደብሩ ቅጥር ውስጥ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በአንድ ወገን ተቀምጧል። በሩ ላይ ዱላ የያዙ ሁለት ጎበዞች ቆመዋል። እኔ ለክብራችን የቆሙ መስሎኝ እጅ ነሣሁ።

ፈረንጂቱ ደግሞ ሳታውቅ ነገሩን አባባሰችው። «ድምፅ ምስጢር ነው» አለችኝ። «ማንም ማንንም ሳይፈራ እንዲናገር አንድ በአንድ ለብቻቸው እንጠይቃቸው።» ሸጋ ሐሳብ ነው። ከወይራው ሥር፣ ከሕዝቡ ራቅ ብለን በርጩማ ላይ ተቀመጥን። እኔ አስቀድሜ ተነሥቼ ማንም የሚከሰስ የለም፣ ማንም የሚቀጣ የለም፣ ይህ ለትምህርት የሚደረግ ጥናት ነው ብዬ ተናገርሁ። ሽማግሎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ በጨዋ ደንብ ሰሙኝ። አውጫጭኝም ሁልጊዜ የሚጀመረው «አትፍሩ» በሚል ቃል መሆኑን ያን ጊዜ የነገረኝ የለም።

የመጀመሪያው ሰውዬ መጣና ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ቆመ።

«በምርጫው ማንን መረጥህ?» አልሁት።

«አላየሁም፣ አልሰማሁም።»

«የሰው አይደለም፤ የራስህን ነው የምጠይቅህ።»

«በዚያ ቀን ቆላ ወርጄ ነበር። እማኝ አለኝ» አለና ሄደ።

ሁለተኛው ቄስ ናቸው፤ ቅዳሴ ላይ ነበርሁ አሉ። ምርጫው ሦስት ቀን አይደለም ወይ የቆየው ብላቸው «ሦስቱንም ቀን ቀድሼአለሁ» አሉኝ። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት መጡ። በሬውን መርጠው ከሆነ ለምን እንደሆነ ይንገሩኝ አልኋቸው። «እኔ የማንንም በሬ አልነካሁ» አሉ በቁጣ፤ «የጠፋ በሬ ካለ ከወንዝ ማዶ ፈልጉ።»

«ምን አሉ?» ትለኛለች ፈረንጂቱ በየመሀሉ።

«አላውቅም ነው የሚሉ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትጽፋለች። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደረሰች። እኔም የገዛ አገሬ ሰው እንዲህ ደነዘዘ ወይ እያልሁ በሆዴ እናደዳለሁ። በኋላ አንድ የማውቀው ጎረቤታችን መጣ። ስጠይቀው ትክ ብሎ አየኝና «የወንድሜ ልጅ እንደማለት ነሽ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ከተማ ገብተሽ ይህን ተማርሽ? እኔ ወፍ አይደለሁም። ሰው አሳልፌ አልሰጥም።»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ዞር ብዬ በሩ ላይ የቆሙትን ጎበዞች አየሁ። ሕዝቡን አየሁ፤ ማንም ማንንም አያይም፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ባልቴቷ ከሴቶቹ መጨረሻ ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ዘርግተው እንደ ዘበት ከልለዋታል። ከጧት ጀምሮ ያ ሁሉ ሰው የደነዘዘው እሷን ላለመስጠት ነበር። አፈርሁም፣ ደስም አለኝ።

ወደ ጭቃ ሹሙ ሮጥሁ። «አንቱ፣ ይህ እኮ አውጫጭኝ አይደለም» አልሁት።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ጥናት ነው።»

«ጥናት ሲሆን ሕዝቡ የሚለቀቅ መቼ ነው?»

«የሚጠየቀውን ሁሉ ሲመልስ» አልሁ።

«እሱማ አውጫጭኝ ነው» አለኝ፤ እያፌዘ አልነበረም፣ የምሩን ነው።

በዚህ መሀል ከሰሜን ተራራ በኩል ደመናው መጣ። በዚያ ወር ዝናብ አይጠበቅም፤ ሲመጣ ግን የዓመት ልፋት ይዞ ይሄዳል። ገብሱ ታጭዶ አውድማ ላይ ተሰጥቷል፤ የሸፈነው የለም፤ ባለቤቱ ሁሉ እዚህ ቅጥር ውስጥ ተዘግቷል። ሕዝቡ ሰማዩን እያየ ማጉረምረም ጀመረ። ለፈረንጂቱ ተይው ይበቃል አልኋት። ወዲያው ተነሥታ በእጇ ሂዱ፣ ሂዱ አለች። ጭቃ ሹሙ ግን በሩን አልለቅም አለ። «ምንም ሳይገኝ በትኜ ወረዳው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? እኔን እኮ ነው የሚያስሩኝ» አለ።

የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወድቅ ባልቴቷ ተነሣች።

የከለሏትን ሴቶች በእጇ ገለጥ ገለጥ አድርጋ ወጣች። ነጠላዋን ችሎት ፊት እንደሚቀርብ ሰው አደግድጋ ከሕዝቡ መሀል ቆመች። ትንሽ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ግን ደጀ ሰላሙ ድረስ ተሰማ።

«ፋኖሱን የመረጥሁ እኔ ነኝ። ሕዝቡን ልቀቁት። ገብሱ ሊበሰብስ ነው።»

አንዲት ሴት ብቻ «ምነው እቴ፣ ምነው» ስትል ሰማሁ።

ፈረንጂቱ ክንዴን ይዛ ምን አለች አለችኝ። ተረጎምሁላት። ፊቷ በራ፤ ከጧት ጀምሮ ስትጠብቀው የነበረ መልስ ነዋ። «ለምን እንደመረጠችው ጠይቂያት» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት ጠላኋት። «ይህች ሴት አሁን መሬቷን ነው የሰጠችሽ» አልኋት ጥርሴን ነክሼ፣ ነገሩንም ባጭሩ ነገርኋት። እርሳሷ ከእጇ ወደቀ። አላነሣችውም።

ጭቃ ሹሙ ግንባሩን ጠረገ። «እንግዲህ ተገኘ» አለ፤ ደስ ያለው አይመስልም። ጎበዞቹ ከበሩ ዞር አሉ። ዝናቡ እየበረታ ነው፤ ነገር ግን ሰው አልተነሣም። ተነሥቶ ቢሄድ ፍርዱን ተቀበለ ማለት ነዋ።

ያን ጊዜ አጎቴ አያ ከሽማግሎቹ መሀል በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። የኛ አገር ሰው ፍርድ ቤት ሳይሄድ ዓመት ካለፈው ያመዋል፤ አያ ደግሞ ከሁሉም ይብሱ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «አውጫጭኝ ሲጠራ ጠፋኝ ባይ አለ። ጠፋኝ ባዩ ማን ነው?»

ጭቃ ሹሙ ወደ ጎበዞቹ ዞረ።

«ባላባቱ ናቸው እንበል። እሳቸው አሸንፈዋል። ያሸነፈ ሰው ምን ጠፋው?»

«ድምፅ» አለ ጭቃ ሹሙ ቀስ ብሎ።

«የማን ድምፅ?»

አያ መልሱን አልጠበቁም።

«የሷ ድምፅ ከሆነ የገዛ ገንዘቧ ነው፤ ለወደደችው ሰጠች። የገዛ በጉን ለወደደው የሸጠ ሰው ሌባ ይባላል ወይ? አይ፣ የባላባቱ ድምፅ ነበር፣ ሰረቀችባቸው ካልህ ደግሞ በል፤ ይህ ሁሉ ሰው ይስማህ፤ እኛም ድምፃችን የኛ እንዳልነበረ ዛሬ እንወቀው።»

ጭቃ ሹሙ ወደ ፈረንጂቱ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ሰማይ አየ። ሰው እንዲህ ሲጨነቅ አይቼ አላውቅም፤ አሳዘነኝ። በመጨረሻ «የጠፋ ነገር የለም፤ የተገኘም የለም። ሕዝቡ ይሂድ» አለ። አገሩ በሙሉ ወደ አውድማው ሮጠ። ግማሹ ገብስ ዳነ፣ ግማሹ ራሰ።

ባልቴቷ የምትሸፍነው ብዙም ስላልነበራት ወደ ኋላ ቀረች። ፈረንጂቱ ፊቷ ቆማ ይቅርታ ለመነቻት፤ የተናገርሽውን ከጥናቴ እሰርዘዋለሁ አለች። እኔም ተረጎምሁ።

«ምነው?» አለች ባልቴቷ። «ይህን ያህል ፈርቼ የተናገርሁትን ልትሰርዝብኝ? ይኑር እንጂ። ለምን እንደመረጥሁትም ጻፊ በያት። ችሎት ፊት ስቆም ሁሉም ዝም በይ ነው የሚለኝ። ቃሌን ሳይቆርጥ እስከ መጨረሻ የሰማኝ እሱ ብቻ ነው።»

ፈረንጂቱ በዚያው ወር አገሯ ገባች። ከፋሲካ በኋላ የመሬቱ ነገር ተሰማ። ጭቃ ሹሙ ምስክር ሆኖ ተጠራና ድንበሩን አላስታውስም አለ። በሐሰት አልመሰከረባትም፣ እውነቱንም አላወጣም፤ አቅሙ እዚያ ድረስ ነበር። መሬቷ ለባላባቱ ወንድም ተፈረደች። እኔ ጎንደር ሆኜ ስሰማ በንዴት አለቀስሁ። ተማሪዎቼ የሞተባት አለ ብለው አጽናኑኝ።

ክረምቱ ሲደርስ የባላባቱ ወንድም መሬቷን ሊያርስ ደቦ ጠራ። እምቢ ያለው የለም፤ እኛ አገር ደቦ እምቢ አይባልም። ብቻ ያንደኛው በሬ ታመመበት። የሌላው ቀንበር ተሰበረ። አንዱ ተዝካር ወጣበት፣ አንዱ ሚስቱ ልትወልድ ነው። ከሌላ ደብር ጥማድ ሊያመጣ ሞከረ፤ ሰዎቹ መንገድ ላይ ወሬውን ሲሰሙ በሬዎቻቸው እግራቸውን አማቸው። በገብስ አገር ያች የምታምር መሬት ጦሟን አደረች፤ ሙጃ ዋጣት። ማንም ማንንም አልሰበሰበም፤ ማንም ይህን እናድርግ ብሎ ሲናገር አልተሰማም። አያን አንቱስ ለምን አልወጡ ብላቸው «ወገቤን» አሉኝና ሣቃቸውን በጋቢያቸው ደበቁ። ፓርቲ የላችሁም ያለችኝን ሴት ያን ጊዜ አጠገቤ ባገኛት ኖሮ ይህን መሬት ወስጄ አሳያት ነበር።

ሁለተኛውም ዓመት እንዲሁ አለፈ። ጦም ያደረ መሬት ላለው ሰው የአደባባይ ዕርቃን ነው። በመጨረሻ የባላባቱ ወንድም ራሱ ሽማግሌ ላከ። አያ ነይ ብለው ስላስጠሩኝ ዕርቁ ሲፈጸም እዚያው ነበርሁ። ደጀ ሰላሙ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ቀረበ፤ መሬቷን መለሰ፤ ቄሱ መስቀል ይዘው ቆሙ። ያን ጊዜ ሽማግሎቹ ባልቴቷን ካሳ ምን ትፈልጊያለሽ አሏት። ሁለት ዓመት ያልታረሰ ነው፤ ብዙ ገብስ ማለት ነው፤ ብትጠይቅ ያምርባት ነበር።

ባልቴቷ ተነሥታ ቆመች።

«ገብስም አልፈልግ፣ በግም አልፈልግ» አለች። «ምርጫ ደግሞ ሊመጣ ነው አሉ። ማንን መረጥሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እንዳይኖር። ይህን ማሉልኝ፤ ሌላ ካሳ የለኝም።»

የባላባቱ ወንድም በመስቀሉ ማለ። ጭቃ ሹሙ ማለ፤ እሱስ ሳይጠሩት ነው የቀረበ። ሽማግሎቹ በቃ፣ ተፈጸመ ብለው ሊነሡ ሲሉ ባልቴቷ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች።

«ይህችም ትማል» አለች።

ተነሥቼ ማልሁ።